«ቻርጅ» ግራ እንዳያጋባችሁ፦ ከተቆጣ በሬ እስከ ሆስፒታል ቢል

ቻርጅ የሚለውን ቃል የማያውቅ የለም። ስልክ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። ጣጣውም የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ አውቀዋለሁ የሚሉትን ቃል ማን መዝገበ ቃላት ገልጦ ይፈልገዋል? ከዚያ ፊልም ላይ የጦር አዛዡ ሰይፉን መዝዞ «ቻርጅ!» ብሎ ይጮሃል፣ ዜና ላይ አንድ ባለሥልጣን ቻርጅድ ሆነ ይባላል፣ ሆስፒታሉ የላከው ወረቀት ላይ ቻርጅስ የሚል ዓምድ ይመጣል፣ ክፍሉ ውስጥ የገባችው ሴት ደግሞ «አይ አም ዘ ቻርጅ ነርስ» ብላ ራሷን ታስተዋውቃለች። ሶኬት ብቻ የሚያውቅ ሰው ከዚህ ሁሉ መሀል ምኑን ይያዝ?

እንግሊዝኛ ማጥቃትን የሚገልጽበት ግስ ሞልቶታል። አታክ አለ፣ አሶልት አለ፣ ሬይድ አለ፣ ስትራይክ አለ። እንደ ቻርጅ ግን ከጦር ሜዳ ወጥቶ በየሱቁ፣ በየሆስፒታሉና በየፍርድ ቤቱ የሚዞር ያለ አይመስለኝም። በተለይ አሜሪካና እንግሊዝ ላላችሁ ይህን አንድ ግስ በደንብ መያዝ ገንዘብ ያተርፋል፣ አንዳንዴም ከገንዘብ የባሰ ጣጣ ያስቀራል። በቅደም ተከተል እንሂድ። ሁሉንም ዛሬውኑ መሸምደድ አይጠበቅባችሁም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት እርምጃዎች ከያዛችሁ የቀረው ራሱ ይከተላል።

እርምጃ 1፦ ስልኩን እርሱትና «ጫነ»ን ያዙ

የቃሉ ሥር ላቲን ነው። ካሩስ ማለት ጋሪ ነው፤ ካሪካሬ ደግሞ ጋሪ ላይ መጫን። ከዚያ በፈረንሳይኛ በኩል አድርጎ እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ። መኪና የሚባልበት ካር እና የአውሮፕላን ጭነት የምንልበት ካርጎም ከዚያው ቤት የወጡ ዘመዶቹ ናቸው። ስለዚህ የቻርጅ የመጀመሪያ ትርጉሙ መጫን ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ ላይ ነው የበቀለው።

ይህ ለእኛ ዕድል ነው፤ አማርኛም «ጫነ»ን ወደዚሁ አቅጣጫ ነው የሚወስደው። አህያ ይጫናል። ሰው ላይ ዕዳ ይጫንበታል። ያልሠራው ወንጀል ይጫንበታል። የማይችለው ኃላፊነት ይጫንበታል። እንግሊዝኛውም ባትሪ ላይ ኤሌክትሪክ ሲጭን፣ ደንበኛ ላይ ሒሳብ ሲጭን፣ ተጠርጣሪ ላይ ክስ ሲጭን፣ ሠራተኛ ላይ ኃላፊነት ሲጭን፣ ሁሉንም ቻርጅ ነው የሚለው። የማታውቁት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቻርጅን ስታገኙት መጀመሪያ «ማን ማን ላይ ምን ጫነ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ማጥቃቱስ? እሱም ከጭነት ነው የመጣው። ጠመንጃ ማጉረስ በድሮው እንግሊዝኛ ቻርጅ ይባል ነበር፤ ጦርን ወደ ጠላት አስተካክሎ ለመውጋት መዘጋጀትም እንዲሁ። መሣሪያው ከተዘጋጀ ቀጥሎ የሚመጣው መንደርደር ነው። ቃሉም በ1500ዎቹ ከዝግጅቱ ወደ መንደርደሩ ተሻገረ። የኤሌክትሪኩ ትርጉም ከሁሉም ታናሽ ነው፤ በ1700ዎቹ ኤሌክትሪክ ማከማቸት ሲጀመር የተጨመረ ነው። እኛ ጋ ግን ታናሹ ቀድሞ ገባና ታላላቆቹን ሸፈናቸው።

እርምጃ 2፦ ከግሱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቃል እዩ

ግሱን ብቻ ካያችሁ ትጠፋላችሁ። ትርጉሙን የምትነግራችሁ ከጎኑ ያለችው ትንሿ ቃል ናት።

«አት» ወይም «ኢንቱ» ከመጣ እንቅስቃሴ አለ፤ አንድ ነገር ወደ አንድ ነገር እየተንደረደረ ነው። «ፎር» ከመጣ ክፍያ ነው፤ ለምን እንደተከፈለ እየተነገራችሁ ነው። «ዊዝ» ከመጣ ወይ ወንጀል ነው ወይ ሥራ፣ እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ ምክንያቱም ተንኮለኛ ነው። «ቱ» ከመጣና ቀጥሎ ካርድ፣ ክፍል ወይም አካውንት ካለ ሒሳቡ የት እንደሚመዘገብ ነው። ከፊቱ «ኢን»፣ ከኋላው «ኦፍ» ከሆነ ኃላፊነት ነው። ምንም ከሌለና ቀጥሎ ስልክ ወይም መኪና ከመጣ፣ ያው የምታውቁት ቻርጅ ነው።

ትንሿ ቃል ከሌለች ደግሞ አድራጊውን እዩ። በሬ፣ ዝሆን፣ ወታደር ወይም ወደ ተሰለፈ ሕዝብ የሚሮጥ ፖሊስ ከሆነ ጥቃት ነው። ባንክ፣ ሆቴል ወይም ጠበቃ ከሆነ ገንዘብ ነው። ዐቃቤ ሕግ ከሆነ ክስ ነው። ፖሊስ ግን ሁለቱንም ማድረግ ስለሚችል ጠጋ ብላችሁ አንብቡ፤ «ፖሊስ ቻርጅድ ዘ ክራውድ» ማለት ሕዝቡ ላይ ተንደርድረው ገቡበት ነው፣ «ፖሊስ ቻርጅድ ኤ ማን ዊዝ መርደር» ማለት ደግሞ አንድ ሰው በነፍስ ግድያ ከሰሱ ነው። ያው ፖሊስ፣ ያው ግስ።

እርምጃ 3፦ የማጥቃቱን ትርጉም በቦታው አስቀምጡ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ቻርጅ ሲባል ጥቃቱ ሩጫ አለበት። አንድ ሰው ቆሞ በጥፊ ቢመታችሁ አጠቃችሁ እንጂ ቻርጅ አላደረጋችሁም። ከሩቅ ተነስቶ፣ ፍጥነት እየጨመረ፣ ፊት ለፊት ሲመጣ ነው ቻርጅ የሚሆነው። ቀንዱን ዝቅ አድርጎ የሚመጣ በሬ የቃሉ ትክክለኛ ሥዕል ነው፦ «ዘ ቡል ቻርጅድ አት አስ»። «አት» ባይኖርም ያስኬዳል፤ ዝሆኑ መኪናው ላይ ተንደረደረ ለማለት «ዚ ኤለፈንት ቻርጅድ ዘ ካር» ይባላል። በ«አት» ሲሆን ወደ እኛ መጣ እንጂ መድረሱ አልተነገረንም። አስጎብኚዎች ሞክ ቻርጅ የሚሉት አለ፤ ዝሆን ለማስፈራራት ብቻ ተንደርድሮ መጥቶ፣ አቧራውን አቡንኖ መሀል ላይ ሲቆም።

ከጦር ታሪክ ስሙ የሚነሳው የባላክላቫው ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 1854፣ በክራይሚያ ጦርነት፣ 670 ገደማ የሚሆኑ የእንግሊዝ ቀላል ፈረሰኞች በሎርድ ካርዲጋን መሪነት በሸለቆ ውስጥ ሽምጥ እየጋለቡ ቀጥታ የሩሲያ መድፍ አፍ ውስጥ ገቡ። ትእዛዙ በትክክል አልተላለፈም ነበር፤ የታሰበላቸው ሌላ መድፍ ነው። ወደ 110 የሚሆኑት ሞቱ። እንግሊዞች እስከ ዛሬ ቻርጅ የሚለውን ቃል በስም ሲጠሩት ይህ ጥፋትና ጀግንነት የተደባለቀበት ቀን ከኋላው አለ። አንድ ሰው ሳያስብበት ስብሰባ ውስጥ ዘው ብሎ ገብቶ መናገር ሲጀምርም «ሂ ጀስት ቻርጅድ ኢን» ይላሉ፤ ድፍረቱን እያደነቁ ሳይሆን አለማሰቡን እየነቀፉ ነው።

ስፖርት የምታዩ ከሆነ ደግሞ በየሳምንቱ ትሰሙታላችሁ። ቅርጫት ኳስ ላይ ቀድሞ ቦታውን ይዞ የቆመ ተከላካይ ላይ ኳስ የያዘው ተጫዋች ደረቱን ይዞ ከገባበት ቻርጅ ይባልና ጥፋቱ የአጥቂው ይሆናል፤ ተከላካዩ ቦታውን ሳይዝ ቀርቶ ከሆነ ግን ብሎክ ይባልና ጥፋቱ ይገለበጣል። ግማሹ የቅርጫት ኳስ ጭቅጭቅ በዚህች ላይ ነው። እግር ኳስ ላይም በሕግ 12 መሠረት ተጋጣሚን በግዴለሽነት ወይም ከመጠን ባለፈ ኃይል ቻርጅ ማድረግ ቀጥታ ቅጣት ምት ያሰጣል። ለኳስ ሲፎካከሩ ትከሻ ለትከሻ መገፋፋቱ ግን ልኩን እስካላለፈ ይፈቀዳል።

አሁን ደግሞ የማይገባበትን። ሰው ቢመታችሁና 911 ብትደውሉ «ሂ ቻርጅድ ሚ» አትበሉ። የሚሰማችሁ ሰው ገንዘብ ያስከፈላችሁ ሊመስለው ይችላል። «ሂ አታክድ ሚ» ወይም በቀላሉ «ሂ ሂት ሚ» በሉ። በሽታ፣ ችግር ወይም ሐሳብ ላይም ቻርጅ አይሄድም። ልብን የሚመታው ሀርት አታክ ነው፣ ጋዜጠኛ ባለሥልጣንን በጽሑፍ ሲያብጠለጥል አታክ ነው፣ ከባድ ሥራ ላይ እጅጌን ሰብስቦ መግባትም «አታክ ዘ ፕሮብለም» ነው። አታክ በእግርም በምላስም በብዕርም ይሆናል። የቻርጅ ጥቃት እግር ይፈልጋል።

እርምጃ 4፦ የገንዘቡን ቻርጅ አንብቡ፣ ከዚያ ክፈሉ

መጀመሪያ ሰዋስውን እናስተካክል። አማርኛ «ከእኔ ላይ 20 ዶላር ወሰዱ» ስለሚል ብዙ ሰው «ዜይ ቻርጅድ ፍሮም ሚ» ይላል። «ፍሮም» አይገባም። ሰውየው ቀጥታ ይከተላል፣ ከዚያ ብሩ፣ ከዚያ ምክንያቱ፦ «ዜይ ቻርጅድ ሚ ትዌንቲ ዶላርስ ፎር ፓርኪንግ»። ዋጋ ለመጠየቅም «ሀው ማች ዱ ዩ ቻርጅ?» ይባላል። ይህ ለአገልግሎት ነው፣ ፀጉር ለመቆረጥ፣ ለቧንቧ ሠራተኛ፣ ለጠበቃ። ሱቅ ውስጥ ያለ ጫማ ዋጋ ስትጠይቁ ግን «ሀው ማች ኢዝ ኢት?» ይበቃል።

አዲስ አበባ ሆቴል በልታችሁ የምታውቁ ከሆነ ሰርቪስ ቻርጅን ታውቁታላችሁ። ብዙ ሆቴል 10 በመቶ ይጨምራል፣ ከዚያ 15 በመቶ ቫት ይመጣል፣ ሜኑው ላይ ያየነውና ቢሉ ላይ ያለው አይተዋወቁም። ውጭ አገርም ያው ነው። ቢሉ ላይ ሰርቪስ ቻርጅ ካለ ቲፑ ተከፍሏል ማለት ሊሆን ስለሚችል ደግማችሁ ከማስቀመጣችሁ በፊት ጠይቁ። ለንደን መኪና ይዛችሁ መሀል ከተማ ከገባችሁ ደግሞ ከ2003 ጀምሮ ኮንጀስሽን ቻርጅ የሚባል አለ። ቅጣት አይደለም፣ የመግቢያ ክፍያ ነው፤ ሳይከፍሉ መቅረት ግን ቅጣት ያመጣል።

ዋናው ነገር ያለው ግን ሆስፒታሉ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሐኪም ቤት ደርሳችሁ ስትመለሱ ከኢንሹራንሱ አንድ ወረቀት ይመጣል፤ አናቱ ላይ ብዙውን ጊዜ ይህ ቢል አይደለም ተብሎ ተጽፎበታል። ሦስት ቁጥሮች ፈልጉ። ለምሳሌ አማውንት ቻርጅድ 1,200 ዶላር፣ አላውድ አማውንት 450፣ ፔሸንት ሪስፖንሲቢሊቲ 90 ይላል እንበል። የመጀመሪያው ሆስፒታሉ የጫነው ነው። ሁለተኛው ኢንሹራንሱና ሆስፒታሉ የተስማሙበት ዋጋ ነው። የእናንተ ዕዳ ሦስተኛው ብቻ ነው። 1,200ውን አይቶ እንቅልፍ ያጣ ብዙ ሰው አለ፤ ኧረ ከዚህም አልፎ ቢሉ ሳይመጣ ለመክፈል የደወለ አለ። አትቸኩሉ። እውነተኛው ቢል ሲመጣ ከሦስተኛው ቁጥር ጋር አስተያዩት። ካልገጠመ ደውላችሁ «አይተማይዝድ ቢል» ጠይቁ፤ እያንዳንዱ መርፌና ምርመራ ለየብቻ የተዘረዘረበት ማለት ነው። ኢንሹራንስ የሌላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ስታንዳርድ ቻርጅስ የሚሉትን የዋጋ ዝርዝራቸውን ድረ ገጻቸው ላይ ለሕዝብ እንዲያወጡ ግዴታ አለባቸው። ዝርዝሩ አሰልቺ ነው፣ ለድርድር ግን ይጠቅማል።

ክሬዲት ካርድ ላይ የማታውቁት ቻርጅ ካያችሁ ተራውን ጠብቁ፦ መጀመሪያ ፔንዲንግ (ገና ያልጸና) ይላል ወይስ አይልም? ነዳጅ ማደያና ሆቴል ከትክክለኛው ሒሳብ በላይ ለጊዜው ይይዛሉ፣ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ቀን በኋላ ይለቀቃል። ሒሳቡ ከጸና በኋላም ስህተቱ ካለ ባንኩ ጋ ደውላችሁ «አይ ዎንት ቱ ዲስፒዩት ዚስ ቻርጅ» በሉ። ሁለቴ ከሆነ «አይ ወዝ ቻርጅድ ትዋይስ»፣ ጭራሽ የማታውቁት ከሆነ «አይ ዲድ ኖት ሜክ ዚስ ቻርጅ»። ስልኩ ለፍጥነት ነው፤ መብታችሁ ሙሉ በሙሉ እንዲጠበቅ ግን በጽሑፍም ላኩ። በ1974 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የሚሰጣችሁ ጊዜ ስህተቱ ያለበት የመጀመሪያ ስቴትመንት (የካርዱ የሒሳብ መግለጫ) ከተላከ አንሥቶ 60 ቀን ነው። ሰው ካርዳችሁን ያለ ፈቃድ ከተጠቀመበትም ተጠያቂነታችሁ ከ50 ዶላር አያልፍም። ይህ ሁሉ ለክሬዲት ካርድ ነው። ዴቢት ካርድ በሌላ ሕግ ነው የሚመራው፣ እዚያ በዘገያችሁ ቁጥር ኪሳራው እናንተ ላይ ይከማቻል፤ ስለዚህ ዴቢት ከሆነ ቡናችሁን ሳትጨርሱ ደውሉ።

እርምጃ 5፦ ክሱን ከክስ ለዩ

እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ያሳስተናል። «ከሰሰ» ሁሉንም ይሸከማል፤ ጎረቤት ለካሳ ፍርድ ቤት ሲሄድም ከሰሰ፣ ዐቃቤ ሕግ በሌብነት ሲያቆምም ከሰሰ፣ አክስቴ እናቴ ጋ ሄዳ ስታሳብቅብኝም ከሰሰችኝ። እንግሊዝኛ ሦስቱን ይለያቸዋል። የጎረቤቱ «ሱ» ነው። የአክስቴ አኪዩዝ ነው። ቻርጅ የሚባለው መንግሥት በወንጀል ሲከስ ነው። «ማይ ኔበር ቻርጅድ ሚ» ካላችሁ ሰሚው ጎረቤታችሁ ስንት እንዳስከፈላችሁ ነው የሚጠይቃችሁ።

አንድ ለየት ያለ ሁኔታ አለ። ሥራ ላይ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በፆታ ወይም በትውልድ አገር አድልዎ የተፈጸመበት ሠራተኛ ለአሜሪካው የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን የሚያስገባው አቤቱታ ራሱ ቻርጅ ይባላል፤ «ፋይል ኤ ቻርጅ» ከተባላችሁ አትደንግጡ፣ ከሳሹ እናንተ ናችሁ። ጊዜው ድርጊቱ ከተፈጸመ 180 ቀን ነው፤ በግዛቱ ተመሳሳይ ሕግ የሚያስፈጽም መሥሪያ ቤት ካለ ወደ 300 ቀን ይረዝማል።

ወደ ወንጀሉ እንመለስ። ዜና ስታነቡ ደረጃዎቹን አትደበላልቁ። አረስትድ ማለት ተያዘ። ቻርጅድ ማለት ክስ ተመሠረተበት። ኮንቪክትድ ማለት ጥፋተኛ ተባለ። በሁለተኛውና በሦስተኛው መሀል ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ፣ ጭራሽ ላይገናኙም ይችላሉ። ፌስቡክ ላይ ግን ቻርጅድ የተባለ ሰው ሁሉ በአማርኛ «ወንጀለኛ» ሆኖ ይተረጎማል፤ ይሄ ስም ማጥፋት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ክሱ ሲቀር ደግሞ ሁለት መንገድ አለ፦ ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ሲተወው ድሮፕድ፣ ፍርድ ቤቱ ሲዘጋው ዲስሚስድ።

«ዱ ዩ ዎንት ቱ ፕሬስ ቻርጅስ?» የሚለውን ጥያቄ ፖሊስ ይጠይቃችሁ ይሆናል። ክስ እንዲቀጥል ትፈልጋላችሁ ወይ ማለቱ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚስተው፣ አሜሪካ ውስጥ የመጨረሻው ውሳኔ የተበዳዩ ሳይሆን የዐቃቤ ሕጉ መሆኑን ነው። ባልና ሚስት ተጣልተው 911 ተደውሎ፣ በማግሥቱ ሽማግሌ ገብቶ ቢታረቁ እንኳ፣ ክሱ ያለ እነሱ ፈቃድ ሊቀጥል ይችላል። በሽምግልና ያለቀ ነገር አለቀ ብለን ላደግን ሰዎች ይሄ ለመዋጥ የሚከብድ ነው፤ ግን ነው።

ዜግነት የሌላችሁ ደግሞ ይህችን በደማቁ አስምሩባት። «ሀው ዱ ዩ ፕሊድ ቱ ዘ ቻርጅ?» ሲባል፣ ቀላል ቅጣት ነው ተብሎ ጊልቲ (ጥፋተኛ ነኝ) ማለት አገር እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 በሰጠው ውሳኔ የወንጀል ተከላካይ ጠበቃ ይህን አደጋ ለደንበኛው መንገር ግዴታው እንደሆነ አረጋግጧል። ስለዚህ ጠበቃውን በግልጽ ጠይቁት፦ ይህ ቻርጅ ግሪን ካርዴን ይነካል ወይ? አስተርጓሚም ጠይቁ፤ እንግሊዝኛ ብትችሉም። ክሱ ከተዘጋም በኋላ ወረቀቱን አትጣሉ፣ የዜግነት ማመልከቻው ስለ መያዝም ይጠይቃልና።

ኢሚግሬሽን ላይ ሌላም አለ። ፐብሊክ ቻርጅ ሲባል የወንጀል ክስ የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። መንግሥት ላይ ሸክም የሚሆን ሰው ማለት ነው፤ ቃሉ በአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ውስጥ ከ1882 ጀምሮ አለ። ዘመድ ለማምጣት የገቢ ማስረጃና የስፖንሰር ፊርማ የሚጠየቀው፣ የሚመጣው ሰው የመንግሥት ጭነት እንዳይሆን ነው። ያው «ጫነ» ማለት ነው።

እንግሊዝ አገር «ሪሊስድ ዊዝአውት ቻርጅ» የሚል ዜና ትሰማላችሁ። ከፖሊስ ጣቢያ ሲሆን ያለ ክስ ተለቀቀ ነው። ሱቅ ውስጥ «ዊዝአውት ቻርጅ» ካሏችሁ በነፃ ነው። የት ቆማችሁ እንደሰማችሁት ይወስነዋል።

እርምጃ 6፦ ኃላፊነቱን እወቁ

«ኢን ቻርጅ» ኃላፊ ማለት ነው። ነገር ሲበላሽባችሁ «ሁ ኢዝ ኢን ቻርጅ ሂር?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ግን ለስለስ አድርጉት፤ ጠንክሮ ከተባለ «አለቃህን ጥራ» የሚል ቃና አለው። ቻርጅ ነርስ የምትባለው ደግሞ ገንዘብ የምትቀበል ሳትሆን የዚያን ፈረቃ ነርሶች የምትመራዋ ናት። ታማሚ ይዛችሁ ቅሬታ ካላችሁ የምትጠሯት እሷን ነው።

ያቆየሁት «ዊዝ» ይኸውና። «ሺ ወዝ ቻርጅድ ዊዝ ስቲሊንግ» በሌብነት ተከሰሰች ነው። «ሺ ወዝ ቻርጅድ ዊዝ ራኒንግ ዘ ስኩል» ደግሞ ትምህርት ቤቱን እንድትመራ ኃላፊነት ተሰጣት ነው። ልዩነቱ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ብቻ ነው፤ ሕግ የሚከለክለው ከሆነ ክስ፣ ሰው የሚሾምበት ከሆነ ሥራ።

ሞግዚትነት የምትሠሩ ደግሞ «ኸር ቻርጅስ» የሚል ብታነቡ የእሷ ክሶች ብላችሁ አትተርጉሙት፤ በእጇ ያሉት ልጆች ማለት ነው፣ አደራ የተጣሉባት። አምባሳደር በሌለበት ኤምባሲውን የሚመራው፣ በአማርኛ ጉዳይ ፈጻሚ የምንለው ዲፕሎማት፣ በፈረንሳይኛው ሻርዤ ዳፌር ይባላል። ጉዳይ የተጫነበት ማለት ነው።

እርምጃ 7፦ የስልኩን እንግሊዝኛ አርሙ

እናውቀዋለን ያልነው ላይም እንሳሳታለን። «ቻርጄ አልቋል» ጥሩ አማርኛ ነው፤ «ማይ ቻርጅ ኢዝ ፊኒሽድ» ግን እንግሊዝኛ አይደለም። እነሱ «ማይ ፎን ዳይድ» ነው የሚሉት፣ ስልኬ ሞተ። ሊያልቅ ሲል ደግሞ «ማይ ባተሪ ኢዝ ሎው»። ቻርጀር መዋስ ስትፈልጉ «ዱ ዩ ሃቭ ኤ ቻርጅ?» ሳይሆን «ቻርጀር» በሉ፣ መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ር» እቃውን ታመጣዋለች።

ተቃራኒው ዲስቻርጅ ነው፣ ማራገፍ። ከሆስፒታል መውጣት፣ ከሠራዊት መሰናበት፣ ባትሪ መራገፍ ሁሉም ዲስቻርጅ ነው። ሐኪም ቁስላችሁን እያየ «ኤኒ ዲስቻርጅ?» ካለ ግን መቼ ትወጫለሽ ማለቱ ሳይሆን መግል ወይም ፈሳሽ አለው ወይ ማለቱ ነው።

እርምጃ 8፦ ራሳችሁን ፈትኑ

መልሱን ሳታዩ ሞክሩ። አንድ፣ «ዚስ ኢዝ ፍሪ ኦፍ ቻርጅ»። ሁለት፣ «ዘ ዶግ ቻርጅድ አት ዘ ሜይልማን»። ሦስት፣ «ሻል አይ ቻርጅ ኢት ቱ ዩር ሩም?»። አራት፣ «ዘ ቻርጅስ ወር ድሮፕድ»። አምስተኛዋ ሦስቴ የምትጭን ናት፦ «ዘ ማን ኢን ቻርጅ ወዝ ቻርጅድ ዊዝ ቻርጂንግ ዴድ ፒፕልስ ካርድስ»።

አንድ፣ በነፃ ነው። ሁለት፣ ውሻው ፖስተኛው ላይ ተንደረደረበት። ሦስት፣ ሒሳቡን ክፍልዎ ላይ ልመዝግበው ወይ? አዎ ካላችሁ ስትወጡ ትከፍላላችሁ። አራት፣ ክሱ ተነሣ፤ ይህን ዋጋው ቀነሰ ብሎ የተረጎመ እርምጃ 5ን ይድገም። አምስት፣ ኃላፊው ከሞቱ ሰዎች ካርድ ላይ ገንዘብ ቆርጧል ተብሎ ተከሰሰ።